የኮሶ ቀን፤ ሆድን የማጽዳት ልማድ ከደጋው አገር እስከ ቂርቆስና ካዛንቺስ

ኮሶ የሚለው ቃል በአማርኛ ሦስት ነገር ይጠራበታል። ዛፉ ኮሶ ነው፤ ከዛፉ አበባ ተፈጭቶ የሚጠጣው መራራ መድኃኒት ኮሶ ነው፤ በመድኃኒቱ ኀይል ከሰው አንጀት የሚወጣው ረዥም ጠፍጣፋ ትልም እንዲሁ ኮሶ ነው። «ኮሶ አለብኝ» የሚል ሰው ስለ ትሉ፥ «ኮሶ ጠጣሁ» የሚል ደግሞ ስለ መድኃኒቱ መናገሩን ሰሚው ሳይጠይቅ ያውቀዋል። በሽታና መድኃኒት በአንድ ስም የሚጠሩበት ሌላ ምሳሌ በቋንቋው ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። ስሙን አንድ ያደረገው ሁለቱ በሰው ኑሮ ውስጥ ሳይለያዩ መኖራቸው ነው። ደገኛው ለብዙ ዘመን ጥሬ ሥጋውን ሲበላ፥ ትሉን ሲሸከም፥ በየሁለት ወሩም ገደማ ሆዱን በኮሶ ሲያጸዳ ኖሯል።

ስለዚህ ልማድ ብዙ የውጭ አገር ተጓዦች ጽፈዋል፤ አንዳንዶቹም እንደ መሳቂያ ነገር አድርገው አውርተውታል። ሆድን በየጊዜው በመድኃኒት ማስቀመጥ ከምን አሳብ እንደ ተነሣ፥ ምን እንደ ጠቀመና ማንን እንደ ጎዳ ግን ጠለቅ ብሎ መታየት ይገባዋል፤ ምክንያቱም ትሉ እየቀነሰ ሲሄድ አሳቡ አብሮት አልሄደም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኮሶ ዛፍ በደጋና በውርጭ አገር፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ጀምሮ እስከ 3000 ሜትርና ከዚያም በላይ ይበቅላል። ትግሬዎች ሀቢ፥ ኦሮሞዎች ሄቶ ይሉታል። ወንዴውና ሴቴው በየዛፋቸው የተለያዩ ናቸው፤ ከሁለቱም ተንጠልጥሎ የሚታየው አበባ እንደ ረዥም ዘለላ ነው። ለመድኃኒት የሚፈለገው በይበልጥ የሴቴው ነው፤ እርሱም ሲበስል ወደ ቀይነት ስለሚያደላ ከሌላው ይለያል። አበባው ተለቅሞ በጥላ ይደርቅና በገበያ ይሸጣል። የቆየ እንደ ሆነ ግን ኀይሉ ይደክማል። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ወደ ፊት ስለ ጉዳቱ ሲነገር ተፈላጊ ስለሚሆን አንባቢ ልብ ይበለው።

ትሉ ደግሞ ከከብት ሥጋ የሚመጣው ነው። በሰው ዐይነ ምድር የወጣው እንቁላሉ በሣርና በውሃ አማካይነት ወደ ከብቱ ይገባል፤ በከብቱም ጡንቻ ውስጥ የአተር ፍሬ የምታክል ውሃ የቋጠረች ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ያንን ሥጋ ሳይበስል የበላ ሰው ከረጢቷን ዋጠ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የትሉ ራስ በአራት መምጠጫዎቹ በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ይጣበቅና ከአንገቱ በታች አንጓ በአንጓ እየጨመረ ያድጋል። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ብዙ ሜትር ይረዝማል፤ የበሰሉት አንጓዎችም እየተቆረጡ በራሳቸው እየተንፏቀቁ መውጣት ይጀምራሉ። ሰውዬው ኮሶ እንዳለበት የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።

የሁለት ወሩ ልማድ ምሥጢሩ እዚህ ላይ ይገኛል። ኮሶ ትሉን አድክሞ ረዥሙን አካሉን ጠርጎ ያወጣዋል፤ ራሱ ግን ብዙ ጊዜ ተጣብቆ ይቀራል። ራሱ ከቀረ ደግሞ እንደ ገና አንጓ ያበቅላል፤ በሁለት ወይም በሦስት ወርም ውስጥ የበሰለው አንጓ ተመልሶ ይታያል። ስለዚህ ባላገሩ በየሁለት ወሩ ኮሶ የጠጣው የወር ቆጠራ አምልኮ ይዞት አይደለም፤ ትሉ ራሱ ቀጠሮ ይሰጠው ስለ ነበር ነው። ከዚህም ጋር የጾምና የፍስክ ዙር ነበረ። ለቅበላ ጥሬ ሥጋ በልቶ ዐቢይ ጾም የገባ ሰው 55 ቀን ጾሞ ፋሲካ ሲደርስ፥ በቅበላው ሥጋ የገባው ትል ለመታየት ይቃረባል፤ በፋሲካውም ዳግመኛ ብርንዶ ይቀርባል። ጾሙ ሰውዬውን ከሥጋ አራቀው እንጂ ትሉን አላራበውም።

የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እና በ1771 በጎንደር ተቀምጦ ይህን ሁሉ አይቷል። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የዛፉን ሥዕል አወጣ፤ በወዳጁ በእንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ በባንክስ ስምም ሰየመው። ስሙ ግን አልጸናለትም፤ ሊቃውንቱ ዛፉን በኬኒግስበርጉ መድኃኒት ቀማሚ በሃገን ስም ሃጌንያ አቢሲኒካ ብለው መዘገቡት። ብሩስ ስለ ልማዱ ሲጽፍ ወንዱም ሴቱም በየዕድሜው ኮሶ እንደሚጠጣ፥ ሰዎቹም ትሉ በየጊዜው መውጣቱን እንደ ጤንነት፥ አለመውጣቱን እንደ በሽታ እንደሚቈጥሩት ይናገራል። ከእርሱ በኋላ የመጡትም ተጓዦች ይህንኑ ደግመዋል፤ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ኮሶውን በስንቁ መካከል ይይዝ ነበር።

የጉዳዩ መዞሪያ ይህ አሳብ ይመስላል። በመጀመሪያ ሰው ኮሶ የጠጣው ትል ስላለበት ነበር። ትሉ በሁሉ ዘንድ ሲገኝ፥ ኮሶውም ለሁሉ ሲሰጥ ግን ምክንያቱና ልማዱ ቦታ ተለዋወጡ፤ ሆድን በየጊዜው ማስቀመጥ በራሱ ጤና ተባለ። ትል ያላየ ሰው እንኳ «ሰውነቴ ከበደኝ፤ ኮሶ ሳልጠጣ ቆየሁ» ማለት ጀመረ። መድኃኒት ከበሽታው ተለይቶ ለብቻው የቆመው በዚህ ጊዜ ነው።

ቢሆንም ልማዱ ሥርዐት ነበረው፤ ያንንም መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ኮሶ የሚጠጣ ሰው ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ምግቡን ያቀላል። አበባው በወፍጮ ይደቅቅና በውሃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፤ አንዳንዱም መራራነቱን ለመሸንገል ማር ይጨምርበታል። በማለዳ በባዶ ሆድ፥ አፍንጫን ይዞ፥ በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል። «እንደ ኮሶ መረረኝ» የሚለው አነጋገር ከየት እንደ መጣ ያልገባው ሰው ቢኖር አንድ ጊዜ መቅመስ ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ጠጪው ሆዱ እስኪመለስ ድረስ ምግብ አይቀምስም፤ ከቤት አይወጣም፤ ሥራ አይሠራም። ኮሶው ሲወጣለት ለማርከሻ የሚሆነው ምግብ ይቀርብለታል። አገልጋይም ቢሆን በኮሶው ቀን ከሥራ ያርፍ ነበር።

የኮሶ ቀን የታወቀ ቀን ስለ ነበር ማንም አይደብቀውም። እንግዳ ለመጣበት መኰንን አሽከሩ በር ላይ ወጥቶ «ጌታዬ ኮሶ ጠጥተዋል» ቢል ነገሩ በዚያ ያበቃል፤ መጪው አይቀየምም፥ ምክንያትም አይጠይቅም። ከዚህም የተነሣ ያልጠጣው ሁሉ እንግዳ ሲሰለቸው ጠጥቻለሁ ይል ነበር። ባላንጣውን ለማየት የማይፈልግ፥ ባለ ዕዳ የሚሸሽ፥ ፍርድ ለማዘግየት የሚሻ ሰው ሁሉ የሚሸሸግበት የኮሶ ጥላ ነበረው። አንድ መድኃኒት የአገር የጨዋነት ቋንቋ ሲሆን ማየት ብዙ ጊዜ አያጋጥምም።

ይሁን እንጂ ሁሉ የሚጠጣውን ኮሶ መሸጥ የተናቀ ሥራ ነበር። ካሳ ኀይሉ፥ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፥ ገና ሽፍታ ሳሉ ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር፤ እናታቸው ችግር ደርሶባቸው ኮሶ ሸጠዋል በማለት። ደጃዝማች ወንድይራድ ይህንኑ ስድብ ይዘው፥ የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብለው ፎክረው ወጡ፤ ድል ሆነው በተያዙ ጊዜም ካሳ ኮሶ አስቀርበው አጠጧቸው እየተባለ ይነገራል። ታሪኩ የሚተረከው ስለ ካሳ ብድር መላሽነት ነው። ለዚህ ጽሑፍ ግን ሌላም ነገር ያስታውቃል፤ ሰዎቹ ኮሶ ከልክ በላይ ሲሰጥ ቅጣት ለመሆን እንደሚበቃ ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳቱ እንመለስ። ኮሶ ያለ መጠን የተጠጣ እንደ ሆነ ምራቅ ያዝረከርካል፤ ያስታውካል፤ ያለ ማቋረጥ ያስቀምጣል፤ ጡንቻ ይዝላል፤ የልብ ኀይል ይወድቃል፤ ሰውም ይሞትበታል። ለነፍሰ ጡር ሴት እንደማይሰጥ፥ ጽንስ እንደሚያስወርድ ሽማግሌዎችና አዋላጆች ጥንት ያውቁት ነበር። ለማስወረድ ብለው የሚጠጡትም በዚያው ዕውቀት ተመርተው ነው፤ ብዙውን ጊዜ መጠኑን እጥፍ ያደርጉታልና እናቲቱም ከጽንሱ ጋር የምትሄድበት ጊዜ ነበር።

የመጠኑ ነገር ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። በአውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍት ለአዋቂ ሰው የሚፈቀደው እስከ 15 ግራም ገደማ የሚደርስ የአበባ ዱቄት ነበር። በአገራችን መለኪያው እፍኝ ነው፤ የእፍኝም ትልቅና ትንሽ አለው። ቀደም ሲል እንደ ተባለው ደግሞ አበባው ሲቆይ ይደክማል። ባለፈው ጊዜ በአሮጌ አበባ አንድ እፍኝ ጠጥቶ ያልሠራለት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት እፍኝ ያደርገዋል፤ ያ ሁለተኛው እፍኝ የዘንድሮ ትኩስ አበባ የሆነ እንደ ሆነ መርዝ ጠጣ ማለት ነው። ስሕተቱ ከስንፍና የመጣ አልነበረም፤ ሰውዬው ካየው ነገር ተነሥቶ በትክክል አስቦ ነው የተሳሳተው።

ከጉዳቶቹ ሁሉ የከፋው የዐይን ነው። በ1962 መታተም የጀመረው የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት በ1969 ኮሶ ጠጥተው ዐይናቸው ስለ ተጎዳ ሰዎች የሚናገር የሐኪም ጽሑፍ አወጣ። ሰዎቹ በማለዳ ሆዳቸውን ለማጽዳት ጠጥተው ብርሃናቸው ደበዘዘ፤ የጨለመባቸውም አሉ። በ1985 የታተመ ሌላ ምርመራ ደግሞ ኮሶና ከእንቆቆ ወገን የሆነ አንድ ተክል ለጫጩቶች ተሰጥተው የዐይንን ውስጠኛ ሽፋን እንደሚጎዱና ማየትን እንደሚቀንሱ አሳየ። እንቆቆም እንደ ኮሶ ትል ለማስወጣት የሚጠጣ የአገር መድኃኒት መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ዐይኑ የፈሰሰበት ሰው ግን ነገሩን ከኮሶው ጋር አያገናኘውም ነበር፤ ኮሶማ አባቱም አያቱም የጠጡት ነው። ምች መታኝ፥ ሰው ዐይን አየኝ ይል ነበር እንጂ።

ይህን ስንል አውሮፓ የተሻለ ነገር ይዞ ነበር ማለት አይደለም። በቁስጥንጥንያ ይኖር የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም ብራዬ የኮሶን ኀይል አይቶ ወሬውን ወደ ፓሪስ ወሰደ፤ በ1824ም ተክሉ በእርሱ ስም ብራዬራ ተብሎ ተጠራ። በዚያው መቶ ዓመት ውስጥ ኮሶ በለንደንና በፓሪስ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ጀመር። እነርሱ ራሳቸው ቀድሞ ለኮሶ ትል ይጠጡት የነበረው ወንዴ ፈርን ከሚባል ተክል ሥር የሚወጣ ጭማቂ ነበር፤ እርሱም ሰው ያሳውራል። የሁለቱ ተክሎች መርዝ በኬሚካዊ አሠራሩ የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸው በኋላ ታወቀ። ሁለት ሕዝብ ሳይተዋወቁ፥ በሁለት ተክል፥ አንድ ትል ለማስወጣት አንድ ዓይነት ዐይነ ስውርነት ገዝተዋል።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር ደጋው ልማዱን ይዞ ገባ። ከአድዋ ጦርነት በኋላ በ1896 የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው ሕክምና ጀመሩ፤ በ1910 ገደማ የምኒልክ ሆስፒታል ተሠራ። በ1910ም ጆርጂያዊው ዶክተር ሜራብ «የጆርጂያ ፋርማሲ» የተባለውን መድኃኒት ቤት ከፈተ፤ ስለ ከተማይቱ ኑሮና በሽታም በፈረንሳይኛ ሦስት መጽሐፍ ጻፈ። የከተማው ሰው ግን ፋርማሲ ስለ ተከፈተለት ኮሶውን አልተወም፤ ኮሶ በገበያ በጥቂት ገንዘብ ይገኝ ነበርና።

ቂርቆስ በሕፃኑ ሰማዕት በቅዱስ ቂርቆስ ስም በተሠራው ቤተ ክርስቲያን የሚጠራ ሠፈር ነው። አሁን ስሙ ለክፍለ ከተማው በሙሉ ተሰጥቷል፤ ካዛንቺስም በዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይገኛል። ካዛንቺስ የሚለው ስም ከግእዝም ከኦሮምኛም የመጣ አይደለም፤ ኢጣሊያኖች ከ1936 እስከ 1941 ከተማይቱን ይዘው በነበረ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራው ድርጅታቸው «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ የድርጅቱ ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ የአዲስ አበባ ሰውም አፉ እንደ ቀናው ካዛንቺስ አለው። በአስቀማጭ መድኃኒት ታሪክ ውስጥ የዚያ መንግሥት ስም በክፉ የሚነሣበት ሌላ ምክንያትም አለ። ፋሺስቶች በ1920ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በገዛ አገራቸው ተቃዋሚዎቻቸውን እየያዙ በግድ ብዙ የጉሎ ዘይት ያጠጧቸው ነበር፤ ሰውን በሰው ፊት ለማዋረድ ነው፤ ውሃው ከሰውነቱ አልቆ የሞተም አለ። ደጃዝማች ወንድይራድ ይህን ቢሰሙ ነገሩ እንግዳ ባልሆነባቸው ነበር።

ከነጻነት በኋላ ካዛንቺስ የኢትዮጵያውያን ሠፈር ሆነ። በ1961 የአፍሪካ አዳራሽ በአጠገቡ ተመርቆ ተከፈተ፤ በ1963ም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚያው አዳራሽ ተመሠረተ። ሠፈሩም በቡና ቤቱና በሥጋ ቤቱ ታወቀ። በሥጋ ቤቱ ደጃፍ በሬው ተገንጥሎ ይሰቀላል፤ በላተኛው ከሻኛው፥ ከጎድኑ፥ ከዳቢቱ ወይም ከሽንጡ በጣቱ እያመለከተ ያስቆርጣል፤ ቁርጡም በአዋዜና በሚጥሚጣ ይቀርባል። ሚጥሚጣውና ከላይ የሚወርደው አረቄ ትሉን ይገድለዋል የሚል እምነት በበላተኛው ዘንድ የጸና ነው። ነገሩ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ኮሶ ባላስፈለገም ነበር። ከረጢቷን የሚገድላት ሥጋው እስከ ውስጡ 60 ዲግሪ ያህል መሞቁ ወይም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ብርድ ለዐሥር ቀን መቆየቱ ብቻ ነው።

ከቂርቆስ ወደ ታች ባለው በቄራ የሚታረደው ከብት በመርማሪ ይታያል፤ የመንጋጋው፥ የልቡና የብብቱ ጡንቻ ይሰነጠቃል፤ ከረጢት የበዛበትም ይጣላል። ምርመራው ብዙ ያድናል፤ ነገር ግን ጥቂት ከረጢት ያለበት ከብት ከዐይን ሊያመልጥ ይችላል። በበዓል ቀን ጎረቤት ተሰብስቦ በግቢው የሚጥለው የቅርጫ በሬ ደግሞ መርማሪም አያየውም።

ልማዱን ያደከመው ከ1960 ገደማ ጀምሮ የተገኘው አዲስ መድኃኒት ነው። ኒክሎሳሚድ የተባለው ክኒን ትሉን ከነራሱ ይገድላል፤ በኋላም ፕራዚኳንቴል በአንድ ጊዜ መዋጥ ብቻ ይህንኑ ይፈጽም ጀመር። ራሱ የሞተ ትል አያበቅልም፤ ስለዚህ የሁለት ወሩ ቀጠሮ ፈረሰ። ክኒኑን የዋጠ ሰው ሥራውን አይተውም፤ ቤቱ አይዘጋም፤ እንግዳም አይመልስም። በከተማ ያደገው አዲሱ ትውልድ ኮሶን የሚያውቀው በተረትና በመራራነቱ ምሳሌ ሆኖአል።

የቀረው አሳቡ ነው። ሰውነት በውስጡ ቆሻሻ ያከማቻል፥ ቆሻሻውም በየጊዜው ተጠርጎ መውጣት አለበት፥ ሰውዬውም ከወጣለት በኋላ ይቀለዋል የሚለው እምነት ትሉ ከሄደ በኋላም ባለበት ቆየ። በዚህም ላይ ሌላ ነገር ተጨመረ። በአባቶች ዘመን «ወፈርህ» ማለት ምስጋና ነበር፤ ጠግቦ ማደርህ በገጽህ ታየ ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ የከተማው ሰው በሲኒማና በሥዕል የቀጠነውን መልክ ሲያይ የሚመኘው ተለወጠ፤ ቦርጭ እንደ ነውር ተቈጠረ። ቦርጭ ያጠፋል የተባለ ሻይና ዱቄት ሁሉ ገበያ አገኘ፤ ከነዚህም በየአገሩ በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሰናማኪ ወይም የርሱን የመሰለ አስቀማጭ ነው። ከመድኃኒት ቤት ደግሞ ቢሳኮዲልና የጉሎ ዘይት አለ። እነዚህ ሁሉ ለሆድ ድርቀት፥ በመጠንና ለጥቂት ቀን፥ ጠቃሚ መድኃኒቶች ናቸው፤ ለመቅጠን ግን አልተሠሩም፥ አያቀጥኑምም።

የማያቀጥኑበት ምክንያት በሰውነት አሠራር ውስጥ ነው። የምግብ ኀይል ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት ነው። ሰናማኪና ቢሳኮዲል የሚሠሩት በትልቁ አንጀት ላይ ነው፤ ወደዚያ የሚደርሰው ከምግቡ የተረፈው ገለባና ውሃ ብቻ ነው። በ1983 በአሜሪካ የታተመ አንድ ምርመራ ብዙ አስቀማጭ የወሰዱ ሰዎች ብዙ ሊትር ፈሳሽ ቢያወጡም ከበሉት ኀይል የቀነሰላቸው 12 በመቶ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይቷል። በሚዛን ላይ የሚታየው መቅለል እንግዲህ ውሃ ነው። ከውሃውም ጋር ጨውና ፖታስየም ይወጣሉ፤ ፖታስየም ባነሰ ጊዜ ጡንቻ ይዝላል፥ እጅና እግር ይተሳሰራል፥ የልብ ምት ይዛባል፤ ድንገተኛ ሞትም የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። ይህ ለወራትና ለዓመታት ሲደጋገም ኩላሊት ይጎዳል። አንጀትም ያለ መድኃኒት መንቀሳቀስን ይተዋል፤ ስለዚህ ሰውዬው ትናንት በአንድ ክኒን ያገኘውን ዛሬ በዐሥር ይፈልገዋል። በኮሶው ዘመን የሁለተኛው እፍኝ ታሪክ የነበረው ይኸው ነው።

ለንደን የነበረው ሐኪም ጀራልድ ራስል በ1979 ቡሊሚያ ነርቮሳ ብሎ የሰየመው በሽታ አለ። በሽተኛው ያለ ልክ ይበላል፤ ወዲያው ጸጸትና ፍርሃት ይይዘዋል፤ ከዚያም የበላውን በማስታወክ ወይም በአስቀማጭ መድኃኒት ለማውጣት ይጣደፋል። ምኞቱ መቅጠን፥ ሥቃዩ በአሳቡ ውስጥ ነው፤ በምክርና በተግሣጽም አይድንም፤ የሐኪምን ረዳትነትና የቤተ ሰብን ትዕግሥት ይጠይቃል። በኢትዮጵያ ቀድሞ ከኮሶ ልማድ ጋር አንድ ነው ማለት ትክክል አይሆንም፤ ኮሶ የጠጣው ባላገር ትል ነበረበት፥ ሲበላም አልጸጸተም። መመሳሰሉ በሌላ በኩል ነው፤ በሁለቱም ዘንድ ብዙ መብላት ይቀድማል፥ ማጽዳት ይከተላል፥ ማጽዳቱም ለሚቀጥለው መብላት ፈቃድ ይሰጣል።

ልዩነቱ ደግሞ ለአሁኑ ሰው የሚያደላ አይደለም። የኮሶ ቀን በሰው ሁሉ ፊት የሚውል ቀን ነበር። አሽከሩ በር ላይ ያውጀዋል፤ እናት ዱቄቱን ትለካለች፤ አሮጊቲቱ «አንቺ ከብደሻል፥ አትጠጪም» ትላለች፤ ሰውዬው ሲዝል አጠገቡ ሰው አለ፤ ማርከሻው አስቀድሞ በምድጃ ላይ ተጥዷል። ክኒን የምትውጠው ልጅ ግን በር ዘግታ፥ ለእናቷ ሳትነግር፥ ብዙ ጊዜም ከአንዱ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወረች እየገዛች ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የነበረው ልማድ ሰው አሳውሯል፤ ሆኖም የሚለካና የሚከለክል ሰው ነበረው።

በ2024 የካዛንቺስ ሰፊው ክፍል ለመንገድና ለአዲስ ሕንፃ ሥራ ፈርሶ ብዙ ነዋሪ ወደ ሌላ ሠፈር ተዛወረ። የፈረሱት ቤቶች ብዙ የፋሲካ ሥጋ ሲቆረጥባቸው የኖሩ ናቸው። ቄራው ግን ሥራውን ቀጥሏል፤ መርማሪውም ጡንቻውን ይሰነጥቃል።

ስለ አስቀማጭ መድኃኒት ሐኪሞች በሥራቸው የሚያጋጥማቸው አንድ ነገር አለ። ለረዥም ጊዜ ሲወስድ የኖረ ሰው በድንገት ቢተወው ሰውነቱ የጎደለበትን ውሃ ለመመለስ ውሃና ጨው ይይዛል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ እግሩና ፊቱ ያብጣል፥ ሚዛኑም ከፍ ይላል። እብጠቱ የሚቆየው ጥቂት ሳምንት ቢሆንም ሰውዬው ወፈርሁ ብሎ ይደነግጣል፤ ተመልሶም ክኒኑን ይገዛል። ስለዚህ ሐኪሞቹ ደሙን መርምረው ፖታስየሙን እያስተካከሉ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ያስተዉታል፤ እብጠቱ እንደሚመጣና እንደሚሄድም አስቀድመው ይነግሩታል።